ዝም ብላ ትቀመጣለች

እህቴ ፀጉሬን መሥራት ያቆመችው አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እኔን ወለሉ ላይ በጉልበቶቿ መሃል አስገብታ፣ እያንጎራጎረች ትጎነጉነኝ ነበር። ዜማው ሲፈጥን ጣቶቿም ይፈጥናሉ፤ ዜማው ሲለዝብ እኔን እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ ማበጠሪያዬን ይዤ ብሄድ ከአልጋዋ እንኳ ሳትነሳ፣

«ሚጡ፣ አንቺኮ አድገሻል» አለችኝ። «ከእንግዲህ ራስሽ ተሠሪ።»

እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከታቸው ነበር። እኔ ያየሁት ግን ፊቷን ነው። የሰለቸው ሰው ፊት መሰለኝ። ማበጠሪያውን ወርውሬ ወጣሁና እስከ ምሳ ድረስ አኮረፍኳት። ድሮ ሳኮርፍ ተከትላኝ መጥታ ትኮረኩረኝ ነበር፤ የዚያን ዕለት አልመጣችም።

እታለም ነው የምላት፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። በመካከላችን ሌላ ልጅ የለም። እማዬ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አባዬ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ሲዞር ይውልና ሲመለስ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይጋደማል።

በዚያ ዓመት ግን ቤታችን ውስጥ ያለችው አንድ ልጅ ብቻ መሰለችኝ፤ እሷም እኔ አልነበርኩም። መጀመሪያ የዚፑ ነገር መጣ። እማዬ የእታለምን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትታ በቦታቸው ዚፕ ስትሰፋ ደረስኩ።

«ለእኔም ዚፕ አድርጊልኝ።»

«አንቺ ቁልፍ መቆለፍ ያቅትሻል?»

«እሷንስ ያቅታታል?»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ግን፣ «እሷ የመጨረሻ ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት ትቸኩላለች» አለችና ፔዳሉን ረገጠች።

ቀጥሎ ሳህን ማጠብ የእኔ ብቻ ሥራ ሆነ። ቀጥሎ አባዬ የእታለምን ቦርሳ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይሸከምላት ጀመር፤ እኔ የራሴን ተሸክሜ ከኋላቸው እየተጎተትኩ። «አባዬ፣ የእኔም ይከብዳል» ስለው «አንቺማ ጎበዝ ነሽ» ይለኛል። ጎበዝ መባል ሰውን እንዲህ ሊያናድድ እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅሁት። ጠዋት ደግሞ እማዬ ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ታቀርብላታለች፤ እታለም ሁለት እጇን ውሃው ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሩብ ሰዓት ትቀመጣለች። በሰፈራችን ፀጉር ቤት መስኮት እንዲህ የሚቀመጡ ሴቶች አይ ነበር፤ ጥፍራቸውን ሊቀቡ ነው። እታለምም የውበት ነገር ጀምሯታል አልኩ።

ጽሑፉ የተፋቀ የክኒን ጠርሙስም ነበር። «ቫይታሚን ነው» አለች እማዬ። አንዷን ክኒን አውጥቼ ልውጥ ስል እጄን መታችኝ። እማዬ መትታኝ አታውቅም ነበር።

አሁን የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ያንን ክኒን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በመስኮቱ አሳልፌ እሰጣለሁ። «ከምግብ በኋላ ይውሰዱት፤ ጨጓራ ይነካል» እላለሁ። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት መድኃኒት ነው። በሽታው የሽማግሌ ይመስለናል እንጂ አንዳንዴ ገና በልጅነት ይይዛል። ጠዋት ጣት አብጦ አልታጠፍ ሲል ለብ ያለ ውሃ ያፍታታዋል። ቁልፍ መቆለፍ፣ ማበጠሪያ መያዝ፣ ፀጉር መጎንጎን አይቻልም።

ያኔ የሰማሁት ግን እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናትና አባቴ ኩሽና ውስጥ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ሰውየው ምን አለ?» አለ አባዬ።

«እጇን ትጠብቅ አለ።»

«እስከ መቼ?»

«እሱን አላለም።»

«ራሷስ?»

«ለማንም እንዳይነገር አስምላኛለች። በተለይ ትምህርት ቤት። እዩዋት ምስኪን መባል አልፈልግም አለች። ትንሿም እንዳትሰማ፤ አፏ አያርፍም።»

ትንሿ እኔ ነኝ። አፌ እንደማያርፍ መባሉ ከሌላው ሁሉ በላይ አበሳጨኝ። «ሰውየው» ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ራሴ ወሰንኩት። የሙዚቃ አስተማሪዋ ናቸው አልኩ።

ጋሽ ቁጠሩ ነበር የምንላቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን በእርሳስ እየመቱ «ቁጠሩ! ቁጠሩ እንጂ!» ስለሚሉ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ሳይቀር በዚሁ ይጠራቸው ነበር። ረጅም ናቸው፤ ሹራባቸው ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ረስተውት ሰውን ሁሉ «እርሳሴን አይታችኋል?» ይሉ ነበር።

የመጨረሻ ዓመት የሙዚቃ ተማሪ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ጨዋታ ወይ ድርሰት። ጨዋታ የመረጠ በመሣሪያው ሦስት ሥራዎች ተለማምዶ ከውጭ በመጣ ገምጋሚ ፊት ይጫወታል። ድርሰት የመረጠ የራሱን ሙዚቃ ፈጥሮ በኖታ ያስረክባል፤ ስለ ሥራውም ይጠየቃል። እታለም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ቫዮሊን የያዘች ልጅ ስለሆነች ጨዋታ እንደምትመርጥ ያልተወራረደ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ድርሰት ብላ ፈረመች። ቫዮሊኗ ከነሳጥኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ።

እኔ በድርሰት ላይ የራሴ ጽኑ አቋም ነበረኝ። የቋንቋ አስተማሪያችን በዚያው ወር ወንድሟ የጻፈላትን ድርሰት ያመጣች ልጅ አስነስታ፣ ወረቀቱን በክፍሉ ፊት ቀድዳ፣ «ድርሰት የጻፈው ሰው ነው፤ ያልጻፈ ሌባ ነው» ብላናለች። ይህች ዓረፍተ ነገር በጣም ገብታኛለች።

ትምህርት ቤታችን ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ በአንድ ግቢ ነው። ከትምህርት በኋላ እታለምን ጠብቄ አብረን ስለምንሄድ ሙዚቃ ክፍሉ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ። የበሩ የላይኛው ግማሽ መስታወት ነው፤ ወንበር ላይ ስቆም ይታየኛል። ሁለት ቁልፎቹ የማይሠሩ ፒያኖ፣ በቀለም የተሰመሩ አምስት መስመሮች ያሉት ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ የተደራረቡ ወንበሮች። ጋሽ ቁጠሩ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው በኖታ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። እታለም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ወዲህ ወዲያ ትላለች።

«አይደለም፣ ቲቸር። እዚያ ላይ ዝቅ ይበል» ትላለች። ከዚያ ታንጎራጉረዋለች። «ቫዮሊኑ ደግሞ ይጠብቀው።»

«ስንት ምት ይጠብቅ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ይበዛል።»

«ይብዛ።»

ጋሽ ቁጠሩ ይስቁና በላጲስ አጥፍተው እንደገና ይጽፋሉ። አንዳንዴ ይጽፉና፣ «እዚህ ላይ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ» ይላሉ። እታለም፣ «እርስዎ አይደሉማ» ትላለች። እንደገና ያጠፉታል።

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። መስታወቱ ስንጥቅ ስለነበረበት እያንዳንዷ ቃል ትወጣ ነበር። ሙዚቃውንም ሰምቼ ወድጄዋለሁ፤ ሳህን ሳጥብ ሳላስበው አንጎራጉረው ነበር። ይህን የምናገረው ኋላ አልሰማሁም እንዳልል ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ቁጠሩ ቤታችን መጡ። እኔን ወደ መኝታ ቤት ላኩኝ፤ እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ።

«እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጣት ነበር» አለች እማዬ።

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁ፤ እጇ ነኝ፣ በቃ። ግን አንዲት ቅጽ አለች። አሁን ሞልተን ብናስገባ ሕጋዊ ይሆናል። የሐኪም ወረቀት አባሪ ማድረግ ብቻ ነው።»

ከዚህ ውስጥ ለእኔ የቀረልኝ «ሕጋዊ ይሆናል» የሚለው ነው። እንግዲያው አሁን ሕጋዊ አይደለም ማለት ነው።

«አይሆንም!» አለች እታለም። «ቅጹ በዳይሬክተሩ፣ በጸሐፊዋ፣ በሁሉም እጅ ያልፋል። በማግስቱ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ቲቸር፣ ቃል ገብተውልኛል።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ቁጠሩ። «ቃሌ ቃል ነው።»

እጅ ከፍንጅ የያዝኳቸው ያህል ልቤ ዘለለ። ለእሷ ቁልፏን እማዬ፣ ቦርሳዋን አባዬ፣ ሳህኗን እኔ፤ አሁን ደግሞ ድርሰቷን አስተማሪዋ።

ገምጋሚዋ የመጣችበት ቀን የእኛ ክፍል ፎቶ የሚነሳበትም ቀን ነበር። ጠዋት ማበጠሪያዬን ይዤ እታለም ፊት ቆምኩ።

«ለዛሬ ብቻ። እባክሽ። ፎቶ ነው።»

እጇ ውሃው ውስጥ ነበር። «አልችልም፣ ሚጡ።»

«አትፈልጊም በይ!»

«እሺ። አልፈልግም።»

እማዬ የእታለምን ሸሚዝ በመተኮስ ተይዛ ነበር። ራሴ የሠራሁት ፀጉር በአንድ በኩል ቆሞ፣ በሌላው ተጣብቆ ነበር። ፎቶ አንሺው ሳይቀር፣ «አንቺ ልጅ፣ ንፋስ መታሽ እንዴ?» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀብኝ።

በእረፍት ሰዓት እንባዬን ጠርጌ ሙዚቃ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ተጫዋቾቹ ጨርሰው ነበር፤ ድርሰት የመረጡት ከምሳ በኋላ ነው የሚጠየቁት። ገምጋሚዋ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ ወጣች። ደስ የምትል ወፍራም ሴት ነበረች።

«የኔ ልጅ፣ መጸዳጃው በየት ነው?»

ወሰድኳት። ስንመለስ ማንን እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ። ድርሰት የመረጠችው እህቴ ናት አልኳት።

«ውይ! የእሷ እህት ነሽ?» ቆም አለች። «ዘንድሮ ካየኋቸው ሁሉ የእሷ ይበልጣል። እኔ እንዲያውም ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ቤት ስትጽፍ ሰላም ትሰጣችኋለች?»

«ቤት አትጽፍም።»

«ታዲያ የት ነው የምትጽፈው?»

«እሷ አትጽፍም። ቲቸር ናቸው የሚጽፉላት።»

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። በርከክ ብላ ፊቴን በፊቷ ትይዩ አደረገች። «አይተሻል? በዓይንሽ?»

«ሁልጊዜ አያለሁ።»

«እሳቸው ሲጽፉ እሷ ምን ታደርጋለች?»

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ባልገባት ልጅ ላይ ማሳበብ እችላለሁ። ሞክሬውም አውቃለሁ። ይህን ግን አልችልም። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ መልሱንም አውቀው ነበር። ታንጎራጉራለች፤ ዝቅ ይበል ትላለች፤ እርስዎ አይደሉማ ትላለች። ምላሴ ላይ ነበር። ፀጉሬን በእጄ ነካሁ።

«ዝም ብላ ትቀመጣለች» አልኩ።

ገምጋሚዋ ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ ወረቀት ሰጥታኝ፣ ያልኩትን በራሴ አባባል እንድጽፍ ነገረችኝ። በጣም አሳምሬ ጻፍኩት፤ ዓረፍተ ነገሬን በአራት ነጥብ ዘጋሁ። «ስም መጻፍ የለብሽም» አለችኝ ራሴን ዳስሳ። ስለዚህ ማንም አያውቅብኝም ብዬ አመንኩ።

ከምሳ በኋላ እታለምን ሙዚቃ ክፍል ሳይሆን ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠሯት። እናትና አባቴም ተጠሩ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም አንድ ላይ ከቢሮው ሲወጡ አየኋቸው፤ አባዬ የእታለምን ቦርሳ በአንድ እጁ፣ እሷን በሌላ እጁ ይዞ።

ራት ላይ አባዬ ነገሩን ለእኔ ተረከልኝ። እንዲህ በወግ አስቀምጦ እንደ ትልቅ ሰው አናግሮኝ አያውቅም ነበር። እታለም እጇን መታመሟን፣ ሰውየው ሐኪም መሆኑን፣ ክኒኑ ቫይታሚን አለመሆኑን ነገረኝ። ድርሰቱ የራሷ መሆኑን ለማረጋገጥ እዚያው አራት መስመር ኖታ ጻፊ እንዳሏት፣ እርሳሱ ሁለቴ ከእጇ እንደወደቀ፣ ሦስተኛ እንዳላነሳችው ነገረኝ። ላንጎራጉረው ብትል «ሸምድደሽ ይሆናል» አሏት። ጋሽ ቁጠሩ እኔ እጇ ብቻ ነበርኩ ብለው ቢምሉም ፈቃድ የሚጠይቀውን ቅጽ ስላልሞሉ ሰሚ አጡ።

«ዳይሬክተሩ መጥፎ ሰው አይደለም» አለ አባዬ፤ ዳቦውን ይቆርስና ሳይበላ ያስቀምጠዋል። «ሦስት ቀን ሰጥቶናል። ከሁለታቸው ሌላ፣ ድርሰቱን ስትደርስ በዓይኑ ያየ፣ በጆሮው የሰማ አንድ ምስክር አምጡ ነው ያለን። አንድ ሰው። ማንም ይሁን፤ ሕፃንም ይሁን።»

እማዬ ጨው ማስቀመጫውን ታዞራለች። እታለም ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ሳህኗን አየች።

እኔ ዳቦዬን እያኘክሁ ነበር። ማኘኬን አላቆምኩም። ብናገር ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል ብዬ ነው የፈራሁት። ዝም ካልኩ ማንም አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ሥራዋን ትታ ፀጉሬን ሠራችኝ። ቀስ ብላ፣ ሳትጎትተኝ። «ሚጡዬ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለሽ?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። በነጋታውም ሠራችኝ፤ እንደገና ጠየቀችኝ። «የለም።» ስለ ፎቶው አዝናልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን አባዬ ከሥራ ቀርቶ የእኔን ቦርሳ ተሸክሞ ትምህርት ቤት አደረሰኝ። በሩ ላይ ቦርሳውን ሳይሰጠኝ ትንሽ ቆመ። የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ከቆምንበት ይታያል። «እንግዲህ» አለ። ምን እንግዲህ እንደሆነ ስላልገባኝ ቦርሳዬን ተቀብዬ ሮጥኩ።

በአራተኛው ቀን ማስታወቂያው ተለጠፈ። የእታለም ድርሰት ተሰረዘ፤ የሙዚቃ ትምህርት ውጤት አልተሰጣትም፤ ልትገባበት ያሰበችው የሙዚቃ ኮሌጅም ቀረ። ጋሽ ቁጠሩ ከሥራ ተሰናበቱ። መጽሐፎቻቸውን በካርቶን አድርገው ሲወጡ ተማሪው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ አየ። እኔ አላየሁም፤ ጠረጴዛዬ ሥር የወደቀ ነገር እንዳለኝ አስመስዬ አጎንብሼ ነበር።

ጊዜው ሄደ። እታለም ሌላ ትምህርት ተማረች፤ አሁን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። መድኃኒቱ ተሻሽሎ እጇ ብዙ ይሻላታል፤ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስታሰልፍ ያያት ሰው ሕመም እንዳለባት አይጠረጥርም። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። እናትና አባቴ አንዱ ከሌላው ብዙም ሳይርቁ ሞቱ። ያንን ሰሞን ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ በፊቴ አንስተውት አያውቁም፤ እኔም ይህን እንደ ዕድል ቆጥሬ ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት እታለም ቤት ምሳ ተጋብዤ ትልቁ ልጇ ቅጽ ይዞ መጣ። እሱም ሙዚቃ ይማራል፤ እንደ ድሮው ምርጫ አለው።

«እማ፣ ጨዋታ ልሙላ ድርሰት?»

እታለም ሰላጣ እየቆረጠች ነበር። «ጨዋታ ሙላ» አለችው። «ድርሰት ምስክር ይፈልጋል።»

ልጁ ሳይገባው ስቆ ሄደ። እኔ ግን ተነሳሁ። በሩን ዘጋሁና ነገርኳት። ስለ ገምጋሚዋ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች ስለማለቴ። ከእኔ ያልተጠበቀ ነገር የምናገር መስሎኝ ነበር። እታለም ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አነበበልን እኮ። ለሁላችንም። 'እህቴ አትጽፍም፤ ቲቸር ናቸው የሚጽፉላት፤ እህቴ ዝም ብላ ትቀመጣለች።' ሚጡ፣ እኔ ስንት እህት አለኝ?»

ስም አትጻፊ መባሌን አምኜ ኖርኩ እንጂ የጻፍኩትን መልሼ አንብቤው አላውቅም ነበር።

«እማዬና አባዬስ?»

«እዚያው ተቀምጠው ነበር። ቲቸርም ነበሩ። ከቢሮው ስንወጣ እማዬ ቤት ገብታ ልትይዝሽ ነበር። አባዬ አይሆንም አለ። 'አስፈራርተን ካመጣናት ምስክር አትሆንም፤ ራሷ ትምጣ' አለ። በሩን ሁሉ ከፈቱልሽ። ሦስት ቀን ጠበቅንሽ።»

እኔ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን የሰላጣ ቅጠል ለቀምኩ።

«ይቅር በይኝ ልትይኝ ከሆነ ድሮ ብዬሻለሁ» አለች። «ልጅ ነበርሽ፤ እኔም ቅጹ ይቅር ብዬ ድርቅ ያልኩ ልጅ ነበርኩ። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላሽ ዛሬ ትነግረኛለች ብዬ ነበር። ስታገቢም ዋዜማውን አብሬሽ ያደርኩት ለዚያ ነው። አባዬ ሲታመምም አልጋው አጠገብ ብቻችሁን ትቻችሁ የወጣሁት።» ከዚያ ሰላጣውን ወደ ሳህን ገለበጠች። «ይቅር የምልሽ ግን የራሴን ነው። የእሳቸውን እኔ አልልልሽም።»

የጋሽ ቁጠሩ አድራሻ እሷ ጋ ነበር። ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ከአንድ ቤት ጓሮ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሰባን አልፈዋል፤ ጎብጠዋል። ማን መሆኔን ስነግራቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣

«ትንሿ» አሉ።

የተሰነጠቀ ቫዮሊን ማጣበቂያ ቀብተው በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘው ነበር። «መቆንጠጫ የለኝም፤ ይህን ያዢልኝ፣ አትልቀቂ» ብለው አስያዙኝና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። እዚያው ቫዮሊኑን ጨምቄ እንደያዝኩ የመጣሁበትን ተናገርኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ለሥራዬ ከሆነ አትጨነቂ» አሉ። «ይኸው እየሠራሁ ነው። ቅጹን መሙላትም የእኔ ግዴታ ነበር፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ለምና ስላሳመነችኝ ሕግ አይተውም። አንቺ ባትናገሪ ሌላ ሰው ይናገር ነበር ይሆናል።»

ትንሽ ቀለለኝ። ያንን ቅለት አሁን አፍርበታለሁ።

«እሷስ?» አሉ። «ሙዚቃ ትደርሳለች?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ደስ ይላቸው ነበር፤ ማንም አያጣራም።

«አይ» አልኩ።

«አንድም?»

«አንድም።»

ጋሽ ቁጠሩ ተነስተው ቫዮሊኑን ከእጄ ተቀበሉ። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ይዟል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ። «እንደሷ ያለ ተማሪ ያገኘሁት አንዴ ነው። የጻፍኩላትን ሁሉ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ልጄ፣ እኔ ደግ ሰው መሆን እፈልጋለሁ፤ ይህን ያህል መንገድ መጥተሽ ባዶ እጅሽን ልሰድሽ አልፈልግም። ግን ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ይሆናል።»

«ገብቶኛል» አልኩ።

በሩ ድረስ ሸኙኝ። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ከበሩ ኋላ አሮጌ ጃንጥላ አውጥተው ከፍተው ሰጡኝ፤ የአውቶቡስ ማቆሚያው በየት በኩል እንደሆነ በእጃቸው አሳዩኝ፤ የመጨረሻው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚነሳ እንድፈጥን ነገሩኝ። ሳመሰግናቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጃንጥላውን ልትመልሺ መምጣት የለብሽም» አሉኝ።

ይህኛው ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።